ልጁ ለእናቱ ሲናገር እኛ ጨፈርን

ይህ ጽሑፍ ስለ ሙዚቃ ነው፤ የሚጀምረው ግን ከራሴ ስሕተት ነው።

ባለፈው ክረምት የወጣቶች ኅብረታችን ለሁለት ቀን ጉባኤ ተሰብስቦ ሳለ፣ በሻይ ሰዓት ከአዳራሹ ጀርባ ሙዚቃ ሰማሁ። ዜማው የዓረብ ነው፤ ከሥሩ ግን የሂፕ ሆፕ ከባድ ምት ይደልቃል። ስድስት ሰባት የሚሆኑ ወጣቶች ስልክ ግድግዳ ላይ አስደግፈው፣ ትከሻና ወገባቸውን በምቱ እያንቀሳቀሱ ቪዲዮ ይቀርጻሉ። እንደ ደረስኩ አስቆምኳቸው። «ይህ የሄሮድያዳ ልጅ ዘፈን ነው፤ የዮሐንስ አንገት የተቆረጠው እንዲህ ባለ ዘፈን ነው» አልኩ። ልጆቹ አንገታቸውን ደፉ፤ ስልኩም ተዘጋ። እኔም ሥራዬን በሚገባ የሠራሁ መስሎኝ ወደ ሻዬ ተመለስኩ።

ሻይ ስታድል የነበረች አንዲት እህት ጠጋ አለችኝና «ጋሼ፣ ዘፈኑን ሰምተውታል?» አለችኝ።

«ሰማሁት እንጂ፤ ለዚያ አይደል ያስቆምኩት» አልኳት።

«አይ፣ ቃሉን ማለቴ ነው። ልጁ እኮ የደረሰበትን ለእናቱ እየነገራት ነው።»

ይህች እህት ቤይሩት ውስጥ አራት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ናት። ዘፈኑ የቱኒዝያ ስለ ሆነ አነጋገሩ ለሊባኖስ ሰዎች እንኳ እንደሚከብዳቸው፣ እርሷ ግን አዝማቹን በመጀመሪያው ቀን እንደ ተረዳችው ነገረችኝ። ሳህን እያጠበች ነበር የሰማችው። የአሠሪዋ ልጆች ሳሎን ውስጥ ከፍተውት ይጨፍሩ ነበር። እርሷ ደግሞ ወንድ ልጇን ለእናቷ ትታ ነው የሄደችው። «እነርሱ ሲጨፍሩ እኔ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ» አለችኝ። ከዚያ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ሄደች።

ያን ቀን ማታ ዘፈኑን ፈልጌ አገኘሁት። «ያ ሊሊ» ይባላል። ባልቲ የተባለው ቱኒዝያዊ ራፐር ሐሙዳ ከሚባል ልጅ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ሥራ ሲሆን፣ በዩቲዩብ በመቶ ሚሊዮኖች ለሚቆጠር ጊዜ ታይቷል። ከእርሱ ወደ ሌላ፣ ከሌላውም ወደ ሌላ እያልኩ ስሄድ የማላውቀው ዓለም ውስጥ ገባሁ፦ የዓረብ ዜማ ከሂፕ ሆፕ ጋር የተቀላቀለበት፣ ዛሬ በብዙ አገር የዘመናዊ ቤሊ ዳንስ ተማሪዎች የሚለማመዱበት ሙዚቃ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ እወዳለሁ። የምለው በአጭሩ ይህ ነው፦ እንዲህ ያለውን ሙዚቃ ስንቀበለውም ሆነ ስንነቅፈው፣ አስቀድመን በውስጡ የሚናገረውን ሰው ልንሰማ ይገባናል። እኔ ሳልሰማ ነቀፍኩ፤ ልጆቹም ሳይሰሙ ጨፈሩ። ሁላችንም አንድ ነበርን።

ዳንሱ ከየት መጣ?

«ቤሊ ዳንስ» የሚለውን ስም ያወጡት የዳንሱ ባለቤቶች አይደሉም። ከፈረንሳይኛ «የሆድ ዳንስ» ከሚለው አጠራር የመጣ ነው። በአሜሪካ ስሙ የገነነው እ.ኤ.አ. በ1893 በቺካጎ በተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን «የካይሮ ጎዳና» ተብሎ በተሠራው ስፍራ ሕዝብ ከፍሎ እየገባ ካየው በኋላ ነው። ግብፃውያን ግን በመድረክ የሚቀርበውን «ራቅስ ሻርቂ» ይሉታል፤ የምሥራቅ ዳንስ ማለት ነው። በሠፈርና በሠርግ የሚታየውን ደግሞ «በለዲ» ይሉታል፤ ትርጉሙ የአገር ቤት፣ እኛ «የባላገር» እንደምንለው ያለ ነው። በብዙ የዓረብ አገር ቤቶች ዛሬም ሴቶች በሠርግና በልደት ቀን እርስ በርሳቸው፣ እናት ከልጅ፣ አክስት ከሙሽራ ጋር ይጨፍሩታል። የሚያይ ባዕድ ወንድ አጠገባቸው የለም፤ የሚከፍልም የለም።

መድረክ ላይ የወጣው ዳንስ ሌላ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1926 በዲያ መሳብኒ የተባለች ሴት ካይሮ ውስጥ በስሟ የሚጠራ የምሽት ቤት ከፈተች። ከአውሮፓ የምሽት ቤቶች ወስዳ ዳንሱን በሰፊ መድረክ፣ በኦርኬስትራና በልዩ አልባሳት አቀረበችው። ኋላ በግብፅ ፊልሞች የታወቁት ታሂያ ካሪዮካና ሳሚያ ገማል ከእርሷ ቤት የወጡ ናቸው። በቤት ውስጥ የደስታ መግለጫ የነበረው በመድረክ ላይ ተከፍሎበት የሚታይ ትርኢት ሆነ። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ ወደ ሄሮድስ ግብዣ ስንመለስ ያስፈልገናል።

ምቱ እንዴት ገጠመ?

የእኛ ወጣቶች ያን ሙዚቃ በሰሙ ጊዜ ማንም ሳያስተምራቸው ትከሻቸው የተንቀሳቀሰው ያለ ምክንያት አይደለም። የግብፅ ዳንስ ዋነኛ ምት «መቅሱም» ይባላል። ደርቡካ በሚባለው ከበሮ ላይ ሁለት ድምፆች አሉ፤ መሐሉ ሲመታ የሚወጣው ወፍራም ድምፅ «ዱም»፣ ጠርዙ ሲመታ የሚወጣው ቀጭን ድምፅ «ተክ» ነው። መቅሱም «ዱም ተክ - ተክ ዱም - ተክ» እያለ በአራት ቁጥር ይዞራል። ሂፕ ሆፕም በአራት ቁጥር የሚሄድ ነው፤ እርሱም ወፍራም የእግር ከበሮና ሹል የእጅ ከበሮ አለው። ስለዚህ ዱሙን በእግር ከበሮው ላይ፣ ተኩን በእጅ ከበሮው ላይ ለማስቀመጥ ብዙ ጥረት አይጠይቅም። ሁለቱ እንደ ተጫጩ ሰዎች ነበሩ ማለት ይቻላል።

እንቅስቃሴውም እንዲሁ ነው። ቤሊ ዳንስ የሚሠራው አንዱን የአካል ክፍል ከሌላው ለይቶ በማንቀሳቀስ ነው፤ ዳሌ ሲዞር ደረት ይቆማል፣ ደረት ሲነሣ ዳሌ ይረጋል። «ፖፒንግ» የሚባለው የጎዳና ዳንስም ጡንቻን በድንገት እያጠበቁና እየለቀቁ አካልን ከፋፍሎ ማንቀሳቀስ ነው። የእኛ እስክስታስ ምንድር ነው? ሌላው አካል ረግቶ ትከሻ ብቻ የሚናገርበት አይደለምን? እንግዲህ አንድ የአማራ ወይም የጉራጌ ልጅ ይህን ሙዚቃ ሰምቶ አካሉ ቢመልስ አጋንንት ያዘው አንልም። አካሉ የሚያውቀውን ቋንቋ ሰምቶ ነው የመለሰው።

ከዚህ ቅልቅል የሚጠፋ ነገር ግን አለ። የዓረብ ዜማ «መቃም» በሚባሉ ስልቶች የተሠራ ነው፤ እኛ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ እንደምንለው። በብዙ መቃሞች ውስጥ በፒያኖ ቁልፎች መካከል የሚወድቁ ድምፆች አሉ። የኀዘኑም የናፍቆቱም ጣዕም አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ ድምፆች ውስጥ ነው። ዘፋኙ ከአንዱ መቃም ወደ ሌላው እየተሻገረ፣ አንድን ሐረግ እያዘገየና እየደጋገመ ለረጅም ጊዜ ይሄዳል። ሂፕ ሆፕ አዘጋጁ ደግሞ ከነባሩ ቅጂ ጥቂት ሰከንዶች ቆርጦ ያንኑ ያዞራል። ጉዞ የነበረው ዜማ ባለበት የሚሽከረከር ይሆናል። ለዳንስ ይመቻል፤ ነገር ግን ዘፋኙ ሊደርስበት ያሰበው ቦታ ቀርቷል።

ኪሳራ

ለዚህ ከሁሉ የሚታወቀው ምሳሌ «ኾሳራ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 «ፈታ አሕላሚ» በተባለ የግብፅ ፊልም ውስጥ አብደል ሐሊም ሐፊዝ የዘፈነው፣ በሊግ ሐምዲ የደረሰው ዜማ ነው። «ኾሳራ» ማለት ማጣት፣ መጉደል ማለት ነው፤ እኛ በየሱቁ የምንለው «ኪሳራ» የዚሁ የዓረብኛ ቃል ወንድም ነው። ስለ ጠፋ ፍቅር የሚያዝን ለስላሳ ዘፈን ነው። ስታዳምጡት ዘፋኙ ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ የሚያማርረውም ማንንም ለማሳጣት አይመስልም።

ከአርባ ዓመት በኋላ አሜሪካዊው አዘጋጅ ቲምባላንድ የዚህን ዜማ መግቢያ ወስዶ ለራፐሩ ለጄይ-ዚ «ቢግ ፒምፒን» የተባለውን ዘፈን ሠራለት። በ1999 በወጣ አልበም ውስጥ ያለ ሲሆን በ2000 ዓለምን ያዳረሰ ዘፈን ሆነ። እንደ ሙዚቃ ካየነው ቲምባላንድ ጆሮ ያለው ሰው መሆኑን መካድ አይቻልም። ከአንድ ሙሉ ዘፈን ውስጥ ማንም የማይረሳትን ሐረግ ለይቶ አውጥቷል፤ ባዶ ቦታ ትቶላታል፤ ምቱንም ከሥሯ በጥንቃቄ አስቀምጧል። ብዙ የዘመናዊ ቤሊ ዳንስ ተማሪዎች የዓረብ ዜማና ሂፕ ሆፕ አንድ ላይ ሊሄዱ እንደሚችሉ የሰሙት በዚህ ዘፈን ነው።

ቃሉ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ዘፈኑ ሴቶችን ተጠቅሞ መጣልን የሚያወድስ ፉከራ ነው። አንዲት ሴት ስላጣ የሚያዝን ሰው ዜማ፣ ሴት ብታጣ ደንታ የሌለው ሰው መፎከሪያ ሆነ። ጄይ-ዚ ራሱ በ2010 በሰጠው ቃለ ምልልስ፣ ቃሉን በወረቀት ላይ ተጽፎ ሲያየው እንደ ከበደውና እንደ ተጸጸተበት ተናግሯል። ይህን ያነሣሁት ለማዋረድ አይደለም። ከምቱ ሲለይ ቃሉ ምን እንደሚመስል ከዘፋኙ ከራሱ በላይ ምስክር ስለሌለ ነው።

የበሊግ ሐምዲ ወራሽ በ2007 አሜሪካ ውስጥ ክስ መሠረተ። ክርክሩ ስለ ገንዘብ ብቻ አልነበረም፤ የግብፅ ሕግ ለደራሲው ሥራው እንዳይበላሽበት የሚሰጠው የክብር መብትም አለና። በ2015 ዳኛዋ ወራሹ ዜማውን የመጠቀም የገንዘብ መብቱን አስቀድሞ ለሌላ አስተላልፏልና መክሰስ አይችልም ብለው ወሰኑ፤ በ2018 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አጸናው። የክብር መብቱም በአሜሪካ ፍርድ ቤት የሚያስከስስ ሆኖ አልተገኘም። በሕግ ነገሩ እዚያ ላይ አበቃ። እኛ ግን መዝሙር 137ን የምናነብ ሰዎች ነን። የማረኳቸው ሰዎች ምርኮኞቹን ከጽዮን ዝማሬ ዘምሩልን ብለው ለጨዋታ እንደ ጠየቋቸው፣ እነርሱም በገናቸውን በአኻያ ዛፍ ላይ እንደ ሰቀሉ እናውቃለን። የሰውን ልቅሶ ለራስ ደስታ መውሰድ በፍርድ ቤት የማያስቀጣ ቢሆንም በእግዚአብሔር ፊት ጥያቄ የሌለበት አይደለም።

ሁሉም ቅልቅል ግን እንዲህ አይደለም። «ቢትስ አንቲክ» የተባለው ቡድን በ2007 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦክላንድ ተመሠረተ፤ ከሦስቱ መሥራቾች አንዷ ዞዊ ጄክስ ራሷ ዳንሰኛ ናት። ሙዚቃው አብዛኛው ያለ ቃል ነው፤ የምሥራቁን ዜማ ከኤሌክትሮኒክና ከሂፕ ሆፕ ምት ጋር አቀላቅለው ራሳቸው ይደርሱታል። ይህን አከብራለሁ፤ ደግሞም ዳንሰኛ ያለችበት ሙዚቃ እንደ መሆኑ ለአካል እንቅስቃሴ ቦታ መተው ያውቃል። ጉድለቱ አገር የሌለው መሆኑ ነው። ከቱርክ ይሁን ከግብፅ ወይም ከባልካን የመጣ፣ የትኛው ድምፅ የማን እንደ ሆነ አይታወቅም፤ ሁሉም «ሩቅ አገር» ብቻ ይሆናል።

ይህ ቡድን የሚያገለግለው የዳንስ ዓይነት ለረጅም ጊዜ «ትራይባል» ሲባል ቆይቷል፤ «የጎሳ» ማለት ነው። ስሙን ያስለመደው እ.ኤ.አ. በ1987 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የተመሠረተ የዳንስ ቡድን ሲሆን፣ በ2020 ቃሉን ከስሙ አወጣ። የማንም ጎሳ ያልሆነውን ነገር የጎሳ ብሎ መጥራት ትክክል አይደለም የሚለውን ወቀሳ ሰምተው ነው። ጎሳ የሚለው ቃል በሰው ሕይወት ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ ለምናውቅ ለእኛ ይህን መረዳት አያስቸግረንም። ዘግይተውም ቢሆን ሰምተዋልና ያስመሰግናቸዋል።

ሌሊቱና እናቱ

አሁን ወደ «ያ ሊሊ» እንመለስ። የዓረብ ዘፋኞች ከጥንት ጀምሮ ዋናውን ዘፈን ከመጀመራቸው በፊት «ያ ሌል፣ ያ ዓይን» እያሉ ድምፃቸውን ያንጎራጉራሉ፤ «ሌሊት ሆይ፣ ዓይኔ ሆይ» ማለት ነው። ሌሊት ያዘነ ሰው ብቻውን የሚሆንበት ሰዓት ነው፤ ዓይንም እንቅልፍ ያጣች ናት። የባልቲና የሐሙዳ ዘፈን አዝማች ይህን የአያቶች ጥሪ ወስዶ በለጋ ልጅ አፍ ላይ ያስቀምጠዋል። ልጁ ሌሊቱን ይጠራል፤ በውስጡ ያለውን ለእናቱ እንደ ነገራት ይናገራል። ከዚያ ባልቲ በራፕ ይገባል፤ ድምፁ የደከመ ጎልማሳ ድምፅ ነው። ልጁና ጎልማሳው እየተፈራረቁ ሲሄዱ፣ አንድ ሰው ከልጅነቱ ጋር የሚነጋገር ያህል ሆኖ ይሰማል።

እዚህ ላይ ሂፕ ሆፑ ከውጭ የተለጠፈ አይደለም። በሰባዎቹ መጀመሪያ ኒው ዮርክ ብሮንክስ ውስጥ ድሆች ወጣቶች የጀመሩት ጥበብ ለሌሎች ድሆች ወጣቶች የመናገሪያ መንገድ ሆኖ ተሰጥቷል። የካይሮ የድሃ ሠፈር ልጆች «መህረጋናት» የተባለውን ሙዚቃ ሲፈጥሩም ነገሩ ይኸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የግብፅ ሙዚቀኞች ማኅበር በካይሮ ስታዲየም ከተደረገ ኮንሰርት በኋላ የመህረጋናት ዘፋኞችን አገደ። በዚያ ኮንሰርት ላይ ስለ መጠጥና ስለ ሐሺሽ የሚያወሳ ስንኝ ተዘፍኖ ነበርና ነቀፌታው መሠረት የለውም አልልም። ነገር ግን አንድ ስንኝ የሚነቀፍ ስለ ሆነ የአንድ ሠፈር ልጆች ሁሉ አፍ ይዘጋ ማለት፣ እኔ ከአዳራሹ ጀርባ ካደረግሁት ብዙ አይርቅም።

እንደ ሃያሲ ከጠየቃችሁኝ «ያ ሊሊ» ጥሩ ዘፈን ነው። ዜማው ጥቂት ነው፤ ትርፍ ጌጥ የለውም፤ የልጁ ድምፅ ሳይጮኽ ያማል። ድካሙ ምቱ ነው። ምቱ በጣም ስለሚጋብዝ ቃሉን ለማያውቅ ሰው ዘፈኑ ራሱን ይሸፍናል። ለዚህ ነው በብዙ አገር ሰዎች እየሳቁ ወገባቸውን የሚያዞሩበት። የቱኒዝያ ሰው ሲጨፍርበት ግን ያውቀዋል፤ እኛም «አንቺ ሆዬ» ላይ ኀዘንን ከእስክስታ ጋር እንደምናዋሕድ ያለ ነው። እያወቁ ከኀዘን ጋር መወዛወዝ አንድ ነገር ነው፤ ሳያውቁ በሰው ኀዘን ላይ መፈንጠዝ ሌላ ነው። ምሳሌ 25፥20 ላይ ጠቢቡ ላዘነ ልብ የሚዘፍንን ሰው በብርድ ቀን ልብስን ከሚገፍፍ ጋር አመሳስሎታል። ያቺ እህት በዚያ ወጥ ቤት የተሰማት ብርድ ይህ ነበር። እኛ ደግሞ በራሳችን ግቢ ደገምንባት።

«ዘፈን» ስንል

ብዙዎቻችሁ አሁን «ታዲያ መምህር፣ ዘፈን መስማት ተፈቀደ ማለትህ ነው?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እንግዲህ ቃሉን ራሱን እንመርምር። በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሳችን ገላትያ 5፥21 ከሥጋ ሥራዎች መካከል «ዘፋኝነት» የሚል አለ። ከልጅነታችን ጀምሮ ዓለማዊ ሙዚቃን ሁሉ በዚህ ቃል ስንዘጋ ኖረናል። የግሪኩ ቃል «ኮሞስ» ሲሆን፣ በመጠጥ የሰከሩ ሰዎች የሚያደርጉትን ሌሊት የሚዘልቅ ልቅ ፈንጠዝያ የሚያመለክት ነው። ሮሜ 13፥13 ላይም ይኸው ቃል ከስካር ጋር ተጣምሮ ይገኛል። ስለዚህ ሐዋርያው የኮነነው ዜማን አይደለም፤ ሰውን ወደ እንስሳነት የሚያወርድ ፈንጠዝያን ነው። ይህ ግን በሩን ወለል አድርጎ አይከፍትልንም። «ቢግ ፒምፒን» በትክክል ኮሞስ ነው፤ ምቱ ምንም ቢያምር።

ደግሞም ተመልከቱ። ዳዊት በታቦቱ ፊት ያደረገውን 2ኛ ሳሙኤል 6 በአማርኛ ሲተርከው ዘፈነ ይለዋል። የሄሮድያዳን ልጅ ማርቆስ 6 ሲተርክም ያው ግስ ነው። ግሱ አንድ ሆኖ ሳለ አንደኛው አምልኮ፣ ሌላኛው የነቢይ ሞት የሆነው ለምንድር ነው? ማርቆስ ስለ ልጅቱ እንቅስቃሴ አንዲት ቃል አልጻፈም። ወገቧን ታዙር፣ እጇን ታንሣ አልነገረንም። ሰባት መጎናጸፊያ ጣለች የሚለው ታሪክ እንኳ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ከኦስካር ዋይልድ ተውኔት የተስፋፋ ነው፤ በወንጌሉ ውስጥ የለም። ወንጌላዊው በዝርዝር የጻፈው ስለ ተመልካቾቹ ነው፦ የንጉሡ የልደት ቀን፣ መኳንንቱ፣ የሻለቆቹ ግብዣ፣ ከንቱው መሐላ፣ ቂመኛዋ እናት። ልጅቱን «ብላቴና» ይላታል። አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ ብትመለሱ ጌታ እጇን ይዞ ያስነሣት የኢያኢሮስ ልጅም በዚያው ቃል ነው የተጠራችው። አንዷን ብላቴና ጌታ ከሞት አስነሣት፤ ሌላዋን እናቷና ንጉሡ ለሞት መሣሪያ አደረጓት።

እኔ ያን ቀን «የሄሮድያዳ ልጅ ዘፈን» ስል የወቀስኩት ብላቴናይቱን ነበር። ማርቆስ ግን ፊቱን ያዞረው ወደ ገበታው ነው። ስለዚህ ዛሬ እነዚያ ልጆች ቪዲዮውን ሊቀርጹ ቢጠይቁኝ አሁንም አይሆንም እላቸዋለሁ። ምክንያቴ ግን ተለውጧል። የእናንተ አካል በእግዚአብሔር የተሠራ ነው፤ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ስልኩ ግን የማታውቁት ሰው ሁሉ የሚቀመጥበት የሄሮድስ ገበታ ሊሆን ይችላል። ማን እንደሚያይ፣ ምን ብሎ እንደሚያይ፣ በእናንተ መታየት ማን እንደሚከበር አታውቁም። አንዲት እህት በእኅቷ ሠርግ ከእናቷ ጋር ብትወዛወዝ ግን ከዚህ ገበታ ጋር ምን ያገናኛታል?

ከዚህ በኋላ

በማግስቱ ጠዋት፣ ከትምህርቱ በፊት፣ በወጣቶቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁ፤ መጀመሪያ ያቺን እህት፣ ከዚያ ልጆቹን። ከዚያም ፈቃደኛ ከሆነች አዝማቹን እንድትተረጉምልን ለመንኳት። መጀመሪያ አፈረች። ኋላ ግን ቆማ ሐረግ በሐረግ ነገረችን፤ ሌሊቱን፣ እናቱን። «ልጄ በስልክ ሲያወራኝ መጀመሪያ የሚለኝ እንዲሁ ነበር፤ ማታ ማታ ነበር የሚደውልልኝ» አለች። ከዚህ በላይ አልቀጠለችም። ከቪዲዮው ቀራጮች አንዱ እጁን አንሥቶ «ልጅሽ አሁን የት ነው?» አላት። እዚያው አዳራሹ በር ላይ ኳስ ይዞ ቆሞ ነበር። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ያን ጠዋት የጸለይነው ስለ እርሱና በዓረብ አገር ቤቶች ሳህን ስለሚያጥቡ እናቶች ነበር። የጉባኤው ትምህርት ርእስ ሌላ ነበር፤ ማንም አላስታወሰውም።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ቋንቋውን ሳታውቁ የምትወዱትን አንድ ዘፈን ምረጡ። ዓረብኛ ይሁን፣ እንግሊዝኛ ይሁን፣ ወይም በዚሁ በአገራችን ያለ የማትሰሙት ቋንቋ ይሁን። ከዚያ ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ቃሉ ምን ይላል? ሁለተኛ፣ ዜማው የማን ነው፤ ባለቤቱስ ስሙ ተጠርቷል? ሦስተኛ፣ ስጨፍርበት ማን ይደሰታል፣ ማንስ ይዋረዳል? መልሱን ካገኛችሁ በኋላ ዘፈኑን የምታጠፉትም፣ ይበልጥ የምትወዱትም ልትሆኑ ትችላላችሁ። ሁለቱም ሳይሰሙ ከመጨፈር ይሻላል፤ እኔ እንዳደረግሁት ሳይሰሙ ከመገሠጽም ይሻላል።

ዓረብኛውን የሚተረጉምላችሁ ሰው ለመፈለግ ሩቅ አትሂዱ። በየአጥቢያችን ከቤይሩት፣ ከዱባይ፣ ከጅዳና ከኩዌት የተመለሱ እህቶች አሉ። አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ሻይ ያድላሉ። የሚያውቁትን ቋንቋ የተማሩት በከባድ ዋጋ ነው፤ እስካሁን ግን ምን ሰምታችሁ መጣችሁ ብሎ የጠየቃቸው ጥቂት ነው።

ጌታችን በሉቃስ 7 ያን ትውልድ በገበያ በተቀመጡ ልጆች መስሎታል፤ ዋሽንት ሲነፋላቸው ያልዘፈኑ፣ ሙሾ ሲወጣላቸው ያላለቀሱ። እኛ ከእነርሱ የባሰ አደረግን፤ ሙሾ ሲወጣ ጨፈርን። ጌታ ይቅር ይበለን፤ የሚሰማ ጆሮም ይስጠን።